የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፍላሚንጎዎቹን አታስነሷቸው

«ይድረስ ለእትዬ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ቢቸና አካባቢ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ወጣት ነኝ። እናቴን ጉልበቷን ካመማት ሦስት ዓመት አለፈ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ሻላ ሐይቅ ዳር ፍል ውሃ አለ፣ ወስደን እናስታጥባት ብላለች። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ፍላሚንጎ በዓይኔ ለማየት እመኛለሁ። በአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት ልንሄድ አስበናል። መንገዱ እንዴት ነው? ፍል ውሃው በእውነት ያሽራል? ወፎቹን በቅርብ ፎቶ ለማንሳትስ ምን ማድረግ አለብኝ?»

ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጨረሻ ላይ ከጠየቅኸኝ ልጀምር፤ ለረጅም ዓመታት በሆዴ ይዤው የኖርሁት ነገር ስላለ ነው።

በጥር 1991 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምር በነበረበት ጊዜ 42 ተማሪዎች ይዤ የሻላ ጎረቤት ወደሆነው፣ ፍላሚንጎዎቹ ወደሚገኙበት አቢጃታ ሐይቅ ወርጄ ነበር። አብዛኞቹ ልጆች አባይን ተሻግረው አያውቁም። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ውሃው ከዳር እስከ ዳር ሮዝ ሆኖ ጠበቀን። አንድ ልጅ «ሲበሩ ክንፋቸው ከሥር ቀይ ነው ይባላል» አለ። መንገድ ሊመራን የመጣው ሰው «አጨብጭቡ፣ ይነሳሉ» አለን። 42 ልጆች በአንድ ጊዜ አጨበጨቡ። እኔም አልከለከልኋቸውም፤ ማየት ፈልጌ ነበርና። ወፎቹ በውሃው ላይ እየሮጡ ተነሡ፣ ቀዩና ጥቁሩ ክንፍ ሰማዩን ሞላው፣ ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ውበቱን ዛሬም አልክድም። ወፎቹ ግን ሐይቁን ተሻግረው ማዶ ሄዱ፤ ለዚያ ቀን አልተመለሱም።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ያደረግሁት የገባኝ። በክፍል ውስጥ የማስተምረው እኔው ነበርሁ። ትንሹ ፍላሚንጎ የሚባለው ዝርያ ምግቡን የሚያገኘው ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ፣ ውሃውን በምንቃሩ ወደ ውስጥ እየሳበና እያጠለለ፣ በዓይን የማይታዩ አረንጓዴ የውሃ ሕዋሳትን በመልቀም ነው። ሮዝ ቀለሙም የሚመጣው ከዚያው ምግብ ነው። እንዲህ ባለ ደቃቅ ምግብ ሆድ ለመሙላት ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊትም ጭምር ማጥለል ያስፈልጋል። ከመመገቢያው ያስነሣኸው ወፍ ሰዓቱን ያጣል፣ ለመነሣትና ለመብረርም የበላውን ያወጣል። ከእኛ በፊት ስንት ሰው አጨብጭቧል፣ ከእኛ በኋላስ ስንት መኪና ጥሩምባ ነፍቷል? ይህን ባሰብሁ ቁጥር የእነዚያ ልጆች ጭብጨባ ይሰማኛል።

ስለዚህ በቅርብ ለማንሳት የሚያስፈልግህ ትዕግሥት ነው። ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱን ሐይቆች በያዘው በአቢጃታ ሻላ ፓርክ ውስጥ ሁን። ፀሐይ ከጀርባህ እንድትሆን ምሥራቁን ይዘህ ቅረብ፤ ከዚያ ግራር ሥር ወይም ባገኘኸው ጥላ ቁጭ በል፣ አትንቀሳቀስ፣ አትጩህ። በ2010 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ ይሸሹኝ የነበሩት ወፎች እየለቀሙ እየለቀሙ፣ ልጅ ድንጋይ ወርውሮ ሊያደርስበት ከሚችል ርቀት ድረስ መጡልኝ። የምንቃራቸው ድምፅ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። የሩቅ ማያ መነጽር ካገኘህ ተዋስ። ከስልክ ካሜራ ይልቅ እሱ ይጠቅምሃል።

ሌላው አደጋ ጭቃው ነው። የአቢጃታ ዳርቻ ከላይ ነጭ ጨው መስሎ ደርቆ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ለስላሳ ጭቃ ነው። በመጀመሪያው ጉዟችን ሾፌሩ ወደ ውሃው ሊያቀርበን ብሎ ገባና የፊት ጎማው እስከ ግማሹ ሰመጠ። አውጥተን ስንጨርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። መኪናውን ጠጠሩ መንገድ ላይ አቁመህ በእግርህ ሂድ፤ የፓርክ ጠባቂም ይዘህ ግባ። የት እንደሚረገጥና የት እንደማይረገጥ እነሱ ያውቃሉ።

መንገዱን በአጭሩ ልንገርህ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ፓርኩ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። በአንድ ቀን አትሞክረው፣ እናትህን ይዘህማ ጨርሶ አታስበው። ደጀን ስትደርሱ ጥቂት ዕረፉ፤ የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣው ዳገት ሆድ ያገላብጣል፤ ሎሚ ይዘህላት ሂድ። አዲስ አበባ አድራችሁ በማግስቱ በሞጆ በኩል ወደ መቂና ባቱ ውረዱ። ከቡልቡላ አልፋችሁ ወደ ሻሸመኔ ስትሄዱ ላንጋኖ በግራ፣ ፓርኩ በቀኝ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ግን ከየአቅጣጫው የመጡ ሹፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቅ፤ ካልተመቸ ሐይቁ የትም አይሄድም፣ ለሚቀጥለው ዓመት አቆየው።

የወባውን ነገር አትዘንጋ። እናንተ ያደጋችሁት በደጋ ነው፤ አቢጃታ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,580 ሜትር ያህል ላይ የሚገኝ ቆላማ ስፍራ ነው። አጎበር፣ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ የምትጠጡት የታሸገ ውሃ፣ ለእናትህ ሰፊ ባርኔጣ ያዝ።

አሁን ወደ ፍል ውሃው እንምጣ። በሻላ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ከመሬት የሚፈልቀው ውሃ ለመፍላት የቀረበ ነው። የአካባቢው ልጆች በቆሎ በጨርቅ ቋጥረው እዚያው ውስጥ ሲቀቅሉ አይቻለሁ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ለባቄላ ትንሽ ሊያዘገይ ይችል ይሆናል፤ የሰውን እግር ለመላጥ ግን ከበቂ በላይ ነው። በፍልቁ ዙሪያ ያለው መሬት አንዳንድ ቦታ ስስ ቅርፊት ብቻ ስለሆነ ጠባቂው ባላሳየህ ቦታ አትርገጥ፣ ልጅም አትልቀቅ። ሰው የሚታጠበው ውሃው ወርዶ ሲቀዘቅዝ ነው። መጀመሪያ በክርንህ ሞክረው።

ያሽራል ወይ? ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ። ሙቅ ውሃ ጡንቻን ያፍታታል፣ የጉልበት ሕመምን ለጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ለጥቂት ቀናት ያቀልላል። ያረጀ አንጓ ግን በውሃ አይታደስም። እናትህ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባት ሐኪም ሳታማክር ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳታስገባት። ባይኖርባትም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃታል፤ ስትወጣ ውሃ ትጠጣ፣ ቀስ ብላም ትነሣ። የሐኪም መድኃኒቷን በፍል ውሃ ምክንያት እንዳታቋርጥ አደራ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሃለሁ። እኛ ጎጃሞች ጠበል ሄደን በጀሪካን ሳንይዝ አንመለስም። ከሻላ ፍል ውሃ ግን ለመጠጥ አትቅዳ። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ብዙ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በዚያ አካባቢ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለረጅም ጊዜ ከተጠጣም አጥንትንና አንጓን ያደነድናል። ለጉልበቷ ብለህ ወስደህ ጉልበቷን ትጎዳለህ።

እናትህ ጉዞው ከከበዳት ደግሞ ሻላ ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም። አዲስ አበባ መሐል ፍል ውሃ አለ፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋ እንድትቆረቆር ያደረጉት እኮ በዚያ ፍል ውሃ የተነሣ ነው። መታጠቢያ ክፍሉ ንጹሕ፣ ውሃውም የተመጠነ ነው። እናትህን እዚያ አስታጥበህ ከእህትህ ጋር አሳርፋት፤ አንተ ወደ ፍላሚንጎዎችህ ሂድ።

«እትዬ፣ የስምንት ዓመት ልጄ በመጽሐፍ ላይ የፍላሚንጎ ሥዕል አይታ 'ዘንገና ላይ ለምን የሉም? ዘንገናም እሳተ ገሞራ የሠራው ሐይቅ አይደለም?' እያለች ታስጨንቀኛለች። ምን ልበላት? ከእንጅባራ።»

እህቴ፣ ይህችን ልጅ ሳሚልኝ። እኔ 30 ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቁኝ ተማሪዎች ጥቂት ነበሩ።

እንዲህ በያት። ዘንገናም ሻላም እሳተ ገሞራ የሠራቸው ናቸው፤ ልክ ነሽ። ሻላ የተኛበት ጎድጓድ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ ከሥሩ ያለው ባዶ ሲሆን መሬቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ የተፈጠረ ነው። ልዩነቱ ውሃው ላይ ነው። ዘንገና ያለበት የአገው ምድር ዝናቡ ብዙ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው፤ ውሃው ብዙ አይተንንም። አቢጃታና ሻላ ያሉበት ሸለቆ ግን ሞቃትና ዝናብ አጠር ነው። ወንዞች ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ሶዲየም እያጠቡ ያመጣሉ፤ ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ውሃው ወደ ሰማይ ይተንናል፣ ሶዳው ይቀራል። ይህ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ሲደጋገም ውሃው በእጅ ሲነኩት እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ይሆናል።

እኛ «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። የአቢጃታ ነገር ተቃራኒው ነው፤ ማደሪያ እንጂ መውጫ የለውም። ጣና ንጹሕ የሆነው አባይ የሚባል በር ስላለው ነው፤ የገባው ጨው ሁሉ በዚያ በር ወጥቶ ይሄዳል።

በዚያ ሶዳማ ውሃ ውስጥ ብዙ ሕይወት አይኖርም፤ የሚኖሩት ግን ተፎካካሪ ስለሌላቸው እጅግ ይበዛሉ። ፍላሚንጎ የሚለቅመው ያን ነው። ዘንገና ላይ ቢያርፍ የሚበላው አያገኝም። ለልጅሽ ሌላም የምትነግሪያት አለ፤ ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ጣና ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ ሻላ በስፋት ከጣና በብዙ እጥፍ ቢያንስም የያዘው ውሃ ከጣና ይበልጣል። ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንዴት እንደሚሆን ይታየኛል።

የነጭ ፔሊካኑን ታሪክም ጨምሪላት። ፔሊካን ጣና ላይም አለ፣ ታውቀዋለች። በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆውን ይሠራል፤ ደሴት ላይ ቀበሮ አይደርስበትማ። ነገር ግን ሻላ ዓሣ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ባለው በፊቄ ተራራ ላይ ተሻግሮ አቢጃታ ይወርድና ዓሣ ይዞ ለጫጩቶቹ ይመለስ ነበር። «ነበር» ያልሁት ሳላስብ አይደለም። አቢጃታን ከሚመግቡት ዋናው የቡልቡላ ወንዝ ነው፤ እሱም ከዝዋይ ሐይቅ ይነሣል። ከላይ ለመስኖ ውሃ ሲሳብ፣ ከሐይቁም ሶዳ አሽ (ለፋብሪካ የሚውል የሶዳ ዱቄት) ለማምረት ውሃ ሲወሰድ፣ የአቢጃታ ስፋት በ50 ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፣ ሶዳው ወፈረ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹም ራቅ ብለው ወደ ሌላ ሐይቅ መብረር ግድ ሆነባቸው፤ ቁጥራቸው ቀነሰ። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህን መንገር ይከብዳል፤ ግን ንገሪያት። እሷ ስታድግ ነው አንድ ነገር ሊደረግ የሚችለው።

«የተከበሩ እትዬ። ባሕር ዳር የምኖር ጡረታ የወጣሁ ሹፌር ነኝ። ልጄ ናይሮቢ ይሠራል፤ «ና፣ ቦጎሪያ የሚባል ሐይቅ ላሳይህ» ይለኛል። አቢጃታ ሻላን በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንድ ዓይነት ነገር ለማየት ያን ያህል መንገድ መሄድ ይገባል?»

ወንድሜ፣ ልጅዎ ና ሲልዎት ይሂዱ! ደግሞም አንድ ዓይነት አይደለም። የሻላ ፍል ውሃ እየፈሰሰ ይወርዳል፤ በቦጎሪያ ምዕራባዊ ዳርቻ ሎቡሩ በሚባለው ቦታ ግን የፈላ ውሃ ወደ ላይ ይተፋል፣ እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። ከማዶ ገደል ቆሞበታል፣ ሐይቁም ረጅምና ጠባብ ነው። ትልቁ አጋዘን በዚያ ዳገት ላይ ይገኛል፤ ቀንዱ እየተጠማዘዘ የሚወጣውን ወንዱን ካዩ ዕድለኛ ነዎት።

ቦታው ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፣ ስፋቱ 107 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከናኩሩና ከኤልሜንቴይታ ሐይቆች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከናይሮቢ ሲሄዱ ሁለቱም መንገድ ላይ ስለሆኑ ልጅዎን ሦስቱንም አሳየኝ ይበሉት።

ስለ ሰዎቹም ማወቅ ይገባዎታል። ኢንዶሮይስ የሚባሉት ከብት አርቢዎች ጥብቅ ስፍራው ሲቋቋም ከሐይቁ ዳር ተነሥተዋል። ጉዳያቸውን እስከ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አደረሱት፤ ኮሚሽኑም ለእነሱ ወሰነላቸው፤ ውሳኔው እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ሆነ። ፍል ውሃው ለእነሱ የጸሎትና የሥርዓት ቦታ ነበር። ጠበል የሚያውቅ የጎጃም ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሲሄዱ የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርገው ይያዙ፣ ገንዘብዎ ለባለቤቶቹ ይድረስ።

የሚገርመው ደግሞ አቢጃታ ሲሸሽ ቦጎሪያ እየመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ውሃው ከፍ እያለ መንገድ፣ የድሮውን መግቢያ በርና አንዳንድ ፍልቆችን ውጧል። ስለዚህ የድሮ ፎቶ ይዘው «የታለ?» እንዳይሉ፤ የቱ ፍልቅ እንደሚታይ አስጎብኚውን ይጠይቁ። ለናይሮቢ ማታ ማታ የሱፍ ልብስ፣ ለቦጎሪያ ቀን ቀን ቀላል ልብስ ይያዙ። ፓስፖርትዎን ዛሬ ነገ ሳይሉ ያውጡ።

ለቢቸናው መምህር አንድ የረሳሁት አለ። አቢጃታ ስትደርስ፣ ከጠጠሩ መንገድ ወደ ውሃው ስትወርድ በግራ እጅህ ግንዱ ለሁለት የተከፈለ ትልቅ ግራር ታገኛለህ፤ ካልተቆረጠ። በ1991 ዓ.ም. ከዚያ ግራር እስከ ውሃው ድረስ ተማሪዎቼን እርምጃ አስቆጥሬአቸው 310 ሆነ። በ2010 ዓ.ም. እኔ ራሴ ስቆጥር 1,900 ካለፍሁ በኋላ ጭቃው ከለከለኝ፤ ውሃው ገና ሩቅ ነበር። አንተም ቁጠርና ቁጥሩን ጻፍልኝ። እናትህንም ሰላም በልልኝ።